ቢቾን ሲጠሩት አቤት ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ ግማሹን ነግሬዋለሁ፤ ግማሽ እውነት ግን ከሙሉ ውሸት ይብሳል። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው እንበረከክና ሰው ማማቴን፣ ባሌን መሳደቤን፣ ቅዳሴ ላይ ስልኬን መነካካቴን እዘረዝራለሁ፤ አንዷን ግን ምላሴ ሥር ደብቄያት እመለሳለሁ። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? «አባ፣ አንድ ጊዜ ጥርስ ስሜ ነበር» ልበል? ይስቃሉ። እሳቸው ከሳቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከሳቅኩ ደግሞ በዚያው እቀራለሁ። የፈራሁት እሱን ነው።

ሶ፣ እናንተ ስሙኝ። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም፤ እንዲህ ይሻላል። ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ እስክጨርስ ድረስ «አይዞሽ» አትበሉኝ። አይዞሽ የሚያስብል ሥራ አልሠራሁም።

ሰብለ እባላለሁ። እዚህ ሲያትል አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ከሩቅ አገር ዋሻዎች ተቆፍሮ የወጣ አጥንትና ጥርስ ይመጣልናል። እኔ እቀበላለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፤ እዚያ ተማሪዎቹ በትንሽ መሰርሰሪያ ዱቄት ያወጡለትና ከዱቄቱ ውስጥ ዲኤንኤውን ይፈልጋሉ። ለሁሉም አጥንት የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። አንተ ማን ነህ? ከእኛ በፊት በዚያ ብርድ አገር ኖረው ከጠፉት፣ ከኒያንደርታሎች ወገን ነህ? ወይስ ከአፍሪካ ወጥተው ከደረሱባቸው፣ ከእኛው ወገን?

ለዚህ ሥራ አንድ ትልቅ ሕግ አለ። የሕያው ሰው ትንፋሽ፣ ላብ፣ ምራቅ አጥንቱ ጋ መድረስ የለበትም። በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ዓመት ጭቃ ውስጥ የተኛ ሰው ድምፁ ደክሟል፤ የእኛ አንዲት ጠብታ ምራቅ ትጮህበትና ታፍነዋለች። ስለዚህ ጓንት ነው፣ ማስክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር ነጭ ልብስ ነው። ክፍሉ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሕጉን አላወቅኩም ነበር ልላችሁ አልችልም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሕጉን የማስረዳው እኔው ነበርኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ፣ ጣቴን ቀስሬ።

ጊዮርጊ የሚባል ተማሪ ነበረን። ጆርጂያዊ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ካለችው ጆርጂያ ሳይሆን ከካውካሰስ ተራሮች ሥር ካለችው አገር። ቀጭን፣ ጢማም፣ ዝምተኛ። በመጀመሪያው ሁዳዴ ምሳ ክፍል ውስጥ የኔን ሽሮ አየና የራሱን ባቄላ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ለካ እሱም ይጾማል! ከዚያ ወዲያ ዘመድ ሆንን። የሱም የኔም ፋሲካ የሚውለው አንድ ቀን ነው፤ አሜሪካኖቹ እንቁላላቸውን በልተው ከጨረሱ በኋላ እኛ ሁለታችን ገና እየጾምን እንተያያለን። «እህቴ» ማለት አስተማርኩት። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ማለትም አስተማርኩት፤ እሱ እንዲያ ሲል እኔ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» እያልኩ እመልሳለሁ። እናቱ በወይን ጭማቂ የተነከረ ዋልነት ከአገር ቤት ትልክለት ነበር፤ ግማሹ የኔ ነው።

ቢቾን ያመጣው እሱ ነው። ቢቾ ማለት በነሱ ቋንቋ «አንተ ልጅ» እንደማለት ነው። ጊዮርጊ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ፣ ትምህርት በተዘጋ ቁጥር፣ ከመንደሩ በላይ ባለ ዋሻ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ በብሩሽ ጭቃ ሲጠርግ ነው ያደገው። ውሃ ከጣራው ጀርባው ላይ ይንጠባጠብበታል። አንድ ቀን ከጥንት ምድጃ አመድ አጠገብ አንዲት ጥርስ አገኘ። የወተት ጥርስ ናት፣ ሽምብራ የምታክል። ሥሯ ሙሉ ነው፤ ጊዜዋ ደርሶ የወለቀች አይደለችም ማለት ነው። ልጁ ጥርሱን ሳይነቅል ሞቷል። ከዚያ ልጅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እሷው ብቻ ነበረች።

በዚያ አፈር ውስጥ የኒያንደርታሎቹም የእኛም ወገን የድንጋይ መሣሪያ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ምድጃው የማን ነበር? እሳቱን ያነደደው፣ ልጁን አጠገቡ ያስተኛው ማን ነው? ይህን ሊናገር የሚችል ከቢቾ በቀር ሌላ ምስክር አልነበረም። የጊዮርጊ የዶክትሬት ጥናት በሙሉ የቆመው በዚያች ጥርስ ላይ ነው። ስለሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ የተኛ ልጅ አጠገቡ እንዳለ። እኔ እስቅበት ነበር።

ያን ቀን ሁዳዴ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ባቡሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን ነበር፤ እኔና ባሌ ማውንት ቤከር ጣቢያው አጠገብ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እንኖራለን። ጥርሷ በማግስቱ ልትሰረሰር ስለሆነ ለመጨረሻ ፎቶ እያዘጋጀኋት ነው። ጊዮርጊ በረዶ ሊያመጣ ወደ ታች ወርዷል። ማስኩ መነጽሬን በእንፋሎት ሲሸፍንብኝ ለአንድ አፍታ ብዬ ወደ አገጬ ዝቅ አደረግኩት። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባይ ጆሮውን ይዤ ነበር የማስወጣው። ጥርሷን በወረንጦ ያዝኳት። ሸተት አለችና ወለሉ ላይ ጠብ!

«በስመ አብ!» አልኩና ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ሳምኳት። ሳምኳትና ግንባሬን አስነካኋት።

መቼስ እናንተ ይህ ይገባችኋል። ቁራሽ ዳቦ ከእጃችሁ ሲወድቅ «ሳሙት» የሚላችሁ ማን ነው? ማንም። እጅ ራሱ ያነሳል፣ ከንፈር ራሱ ይስማል፣ ከዚያ ግንባር። የከበረ ነገር መሬት አይነካም፤ ከነካ ይቅርታ ይጠየቃል። እንዲህ ነው ያደግነው። የአንድ ልጅ ጥርስ፣ ያውም በዓለም ላይ የቀረው ብቸኛ ነገሩ፣ ከእጄ ወደቀ። ምን ላድርግ? ሳምኩት። ስንጥቅ ነበረባት፤ ከንፈሬ ርጥብ ነበር። ቅዝቃዜዋ አሁንም ከንፈሬ ላይ አለ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ኃጢአቱ መሳሜ አይደለም። መሳሜን እግዚአብሔርም ይረዳልኛል። ኃጢአቴ የሚጀምረው ማስኬን መልሼ ወደ ላይ ስጎትት ነው። ጥርሷን በጓንቴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሳጥኗ ውስጥ መለስኳት። ጊዮርጊ በረዶውን ይዞ ገባ። «ሁሉ ኦኬ?» አለኝ። «ኦኬ» አልኩት። «ወደቀችብኝ፣ አፌም ነክቷታል» ብለው ኖሮ በበረኪና ያጥባት፣ ይጠብቃት፣ የኔን ከሷ የሚለይበትን መንገድ ይፈልግ ነበር። ትንሽ ይቆጣኝ ነበር። ከዚያ ዋልነቱን ያካፍለኝ ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አይመጣም ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርኩም? አፈርኩ። እንደ ገጠር ሴት ጥርስ ሳመች እንዳይሉኝ አፈርኩ። ያ ሁሉ መከራ የመጣው ከዚህች ከንቱ እፍረት ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከአፍ ያልወጣውስ የት ይገባል? የኔው እዚሁ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጥርሷ ተሰረሰረች። ትንሽ ስለሆነች ውስጧ ሁሉ ዱቄት ሆኖ ወጣ፤ የቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ልባስ ብቻ ነው። ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። ቢቾ ኒያንደርታል አይደለም፣ ከእኛ ወገን ነው፣ በእናቱ በኩል ዘሩ ከምሥራቅ አፍሪካ ይመዘዛል ተባለ። ኸረ እልልታ! ኬክ ተገዛ። ፕሮፌሰሯ፣ ሽበታም፣ በሕይወቷ ቸኩላ የማታውቅ ሴትዮ፣ ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችና «ሰብለ፣ ያንቺ ሰዎች ናቸው እኮ!» አለችኝ። ጊዮርጊ ጥግ ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። ኬክ ሲሰጡኝ «ጾም ነው» አልኩ። ጾሙ ተፈትቶ ነበር። ይህን የሚያውቅ ጊዮርጊ ብቻ ነው፤ ቀና ብሎ አየኝና ኬኩን ራሱ በላው።

የኔ ሰዎች አይደሉም፤ እኔ ራሴ ነኝ። ውጤቱን ሳይ ልቤ ወዲያው ነገረኝ። ያን ልጅ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ቢቾ፣ ማን ነህ?» ብለው ጠሩት። እኔ ከፊቱ ቀድሜ «አቤት» አልኩ። ልጁ ምን ሊል እንደነበር ማንም አልሰማም። «እርግጠኛ ነበርሽ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እርግጠኛ ለመሆን መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ አልጠየቅኩም። የማይጠይቅ ሰው ያወቀ ሰው ነው።

ወሬ ደግሞ አይቆምም። ሬንተን አንድ ክርስትና ላይ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሥተው «ድሮም ነበርን አላልኳችሁም? እዚያ በረዶ ውስጥ ሳይቀር ነበርን! ያገኘችው ደግሞ ይቺው የኛው ልጅ ናት!» ብለው አስጨበጨቡልኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። አያችሁልኝ? እጅ ነሣሁ!

ፕሮፌሰሯ ግን ጠንቃቃ ናት። ነገሩ ለዓለም ከመነገሩ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ ከጉንጩ ናሙና ይስጥ አለች፤ የቢቾ የተባለው ዲኤንኤ ከማናችንም ጋር አለመግጠሙ እንዲረጋገጥ። ጫፏ ጥጥ የሆነች እንጨት በከረጢት ታደለን። ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ ጉንጫችሁን ውስጡን ፈትጋችሁ አምጡ ተባልን።

እዚህ ላይ ስለ ኑሮዬ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ግን ለምን? እንድታዝኑልኝ አይደል? ኦኬ፣ እውነት ስለሆነ ብቻ ልናገረው። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዶኛል። ባሌ ተስፋዬ ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ያን ሰሞን ሰው ሲቀንሱ እሱም ወጣ። የሁለታችንም የሕክምና ኢንሹራንስ በኔ ሥራ ላይ ነው። ሐኪሜ ይቺን እርግዝና በየሳምንቱ እያየን ነው የምናደርሳት ብሎኛል። ሥራዬን ካጣሁ ሐኪሙንም አጣለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ስንት ሴት በዚህ ችግር ውስጥ ሆና ሰው አላረደችም?

ጠዋት ተስፋዬ ከአልጋው ሳይወርድ እንጨቷን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አፍህን ክፈት» አልኩት።

«ምን ልታጎርሺኝ ነው?»

«ዝም ብለህ ክፈት።»

ጉንጩን በደንብ ፈተግኩት። ወዲያው ገባው፣ ሞኝ አይደለም። «ሰብሊ፣ የሚፈለገው ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ኢንሹራንሱ እንዳይቋረጥ ነው አልኩት፤ ከዚያ ያለፈ አልነገርኩትም። ሆዴን አየ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። አልጠየቀም ማለት ግን ረሳ ማለት አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ላጎርሰው እጄን ስዘረጋ አንዳንዴ ቆም ብሎ ዓይኔን ያየኛል።

የማንም ናሙና ከቢቾ ጋር አልገጠመም። ከየት ይግጠም? የሚያወዳድሩት የእናትን ዘር ብቻ ስለሆነ በኔ ስም የገባው የወንድ መሆኑም አልታወቀም። ፕሮፌሰሯ ልቧ አረፈ። ጊዮርጊ በትልቅ ስብሰባ ላይ እንዲናገር ተላከ። አዲስ ሱፍ ገዛ፤ ከረባቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። በነዚህ እጆቼ። አዳራሹ ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ ምሁራን አንድ በአንድ እየተነሡ ጠየቁት። ይህ የዘር ሐረግ አዲስ ነው፣ ያኔ ገና አልነበረም፣ ይህ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ ሂዱና ቤታችሁን ፈትሹ አሉት። መድረክ ላይ ቆሞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሲመለስ ከረባቱ እንደታሰረ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ቤታችን ተፈተሸ። የሠራተኛው ናሙና አይገጥምም፤ ታዲያ ይህ ሕያው ሰው ማን ነው? ጥርሷን ከዋሻው ያወጣት፣ የሰረሰራት፣ ዱቄቷን የያዘው ጊዮርጊ ነው። ሶ፣ ወይ የማይገባ ሰው ወደ ክፍሉ አስገብቷል፣ ወይ ለዝና ብሎ አጭበርብሯል። ይህን ፊት ለፊት ያለው የለም፤ እዚህ አገር ሰው የሚገደለው በቀስታ ነው። ኢሜይሉን የሚመልስለት ጠፋ። አንድ ሰኞ ካርዱ በሩን አልከፍትም አለው። የትምህርት ድጋፉ ተቋረጠ፤ ቪዛው ደግሞ የተንጠለጠለው በዚያው ላይ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አንድ ቀን እስከ ፕሮፌሰሯ በር ድረስ ሄጃለሁ። እጄን አንሥቼ ነበር። ከውስጥ ስልክ ታወራለች፣ ትስቃለች፤ ከሳቀችማ ነገሩ ያን ያህል አይደለም ብዬ ተመለስኩ። ሰው ለመሸሽ ከፈለገ የሰው ሳቅም ይበቃዋል።

ጊዮርጊ ሊሄድ ሲል ምሳ ክፍል መጥቶ የቀረችውን ዋልነት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «እህቴ፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ?» አለ። «አምንሃለሁ» አልኩት። ከእኔ በላይ ማን ሊያምነው ይችል ነበር? ነገሩ አፌ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጄ ሆዴ ውስጥ ረገጠችኝ። ሆዴን ያዝኩ። ገና ባልተወለደች ልጅ አሳብቤ ዝም አልኩ። ጊዮርጊ ሆዴን መያዜን ሲያይ ደነገጠና ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አመጣልኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ነው የበደልኩት።

ልጄ ደህና ተወለደች፤ ሶልያና አልናት። ከዚያ በኋላ ነው ቢቾ ወደ ቤቴ የመጣው። ሙት አያለሁ አልላችሁም፣ አላበድኩም። ግን ልጅ ባለበት ቤት ሁልጊዜ የሆነ ኮሽታ አለ አይደል? ከኋላዬ በሩጫ ያልፋል፤ ዞር ስል ሶሊ ሶፋው ላይ ተኝታለች። እዚህ ዝናብ መች ያባራል፤ ከጣራው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን ስሰማ የዚያ ዋሻ ውሃ ይመስለኛል፣ አመዱ አጠገብ አንድ ልጅ ተኝቶ የሚያዳምጥ ይመስለኛል። ሳህን ስደረድር አራት አደርጋለሁ፤ ከዚያ አንዱን አንሥቼ መደርደሪያው ላይ እመልሳለሁ። «ማን ሊመጣ ነው?» ይለኛል ተስፋዬ። «ማንም» እለዋለሁ። ፈርቼዋለሁ። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ምንም ስለማይናገር ነው። ያናገረው አፌ ነው፣ ዝም ያሰኘውም ይኸው አፌ ነው። ቤተ ክርስቲያን መስቀል ልሳለም ስጠጋ ከንፈሬ ይደርቃል። ቁርባን ሲወጣ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ እቆማለሁ።

ሶሊ ከፍ ስትል አንድ ቀን ቁራሽ ዳቦ ከእጇ ወደቀ። ያስተማራት የለም፤ እኔኑ አይታ ነው። አነሳችው፣ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው። «አትሳሚው!» ብዬ ጮህኩና እጇን መታኋት። ዳቦው እንደገና ወደቀ። «ባት ማሚ፣ ዩ ዱ ኢት!» እያለች አለቀሰች። እውነቷን ነው።

የመጀመሪያ ጥርሷ የተነቀለች ቀንም መዳፏ ላይ አድርጋ አመጣችልኝ። ሽምብራ የምታክል። ሥር የላትም፤ በጊዜዋ የወለቀች ጥርስ እንዲያ ናት። ልነካት አልቻልኩም። ተስፋዬን ጠራሁት። እሱ በእኛ አገር ጣራ ላይ ነው የሚወረወረው ብሎ አሳቃት፤ ያኔ ሬንተን ገብተን ነበርና፣ ይዟት ወጥቶ የቤታችን ጣራ ላይ ወረወረላት። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። የቢቾ እናትስ ጥርሱ የምትወልቅበትን ቀን ጠብቃ አልነበረም?

ያን ሥራ ትቼዋለሁ። አሁን ቤልቪው የሕያዋን ደም ነው የምመረምረው። ጸጸት አስወጣኝ እንዳትሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ እድገትም ሰጥተውኛል።

ጊዮርጊ በየፋሲካው ኮል ያደርገኛል። አንድም ዓመት ዘሎ አያውቅም። ዶክተር አልሆነም። መንደሩ ተመልሶ ያንኑ ዋሻ ይጠብቃል፣ ተማሪዎች ሲመጡ በባትሪ እያበራ ያስጎበኛል። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» ይለኛል። እመልስለታለሁ። ዋልነት እልክልሻለሁ ይላል፣ ይልካልም። እበላዋለሁም።

የዘንድሮው ግን ሌላ ነበር። «ሴብሌ» አለኝ፣ ስሜን እንዲያ ነው የሚጠራው፣ «ዘንድሮ ቀለል ብሎኛል።» ምን ተገኘ አልኩት። ተናዘዝኩ አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያብሰለስለው ኖሯል። «ሌላ ማንም ካልሆነ ያ የሕያው ሰው ዲኤንኤ በኔ እጅ ነው የገባው፤ ጾም አድክሞኝ፣ ባቡር ላይ የነካሁትን የሰው ላብ ሳልታጠብ ይዤ ገብቼ ይሆናል፤ አላስታውሰውም እንጂ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። የመንደሩ ቄስ ዘንድ ሄዶ «አንድ ልጅ ስሙን ሊናገር ሲል አፉን ሸፈንኩት» አላቸው። ቄሱ አልሳቁም። አልቅሰው ጸለዩለት፣ ንስሐ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ለቢቾ ሻማ ያበራለታል። «አሁን ልጁ ይቅር ያለኝ ይመስለኛል» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የኔን ኃጢአት እሱ ተናዘዘው። ገባችሁ? ልጁ ሲጠየቅ እኔ መለስኩ፤ እኔ ልጠየቅ ሲገባኝ ጊዮርጊ መለሰ። በየጠዋቱ የሚያበራው ሻማ የኔ ነው። የሚሰግደው የኔን ስግደት ነው። እኔ እዚህ በልቼ ጠጥቼ ስተኛ፣ እዚያ ማዶ አንድ ንጹሕ ሰው ያላደረገውን ይቅር በለኝ ይላል!

ከዚያ ደግሞ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረገ። የጥርሷ ቅርፊት ወደ አገሩ ሙዚየም ተመልሷል፤ አሁን በጣም ጥቂት ዱቄት የሚበቃው አዲስ ዘዴ መጥቷል፤ የሕያውን ሰው ከሟቹ መለየት ይቻል ይሆናል፣ ሕያው ሰው ማን እንደሆነ ከታወቀ። «ግን ማን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። እኔ «ሄሎ? ሄሎ?» አልኩና መስመሩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁበት። በትንሣኤ ቀን።

ያ ከሆነ ትንሽ ሰነበተ። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጫፏ ጥጥ የሆነች እንጨት አለች። ዛሬ ጠዋት ምንም ሳልቀምስ የራሴን ጉንጭ ፈተግኩባት። ተስፋዬ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ሄዶ መሳቢያ ሲበረብር ቆየና ፖስታ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን በደልኳችሁ? ጊዮርጊንም ይቅር በለኝ አልለውም። ዓመቶቹን የት አባቴ አግኝቼ እመልስለታለሁ? ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቢረግመኝ ይርገመኝ፣ ብቻ ያቺን ሻማ ስለኔ አያብራ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ልማድ ነው፤ ይህን ሁሉ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፣ ዛሬ አልደግመውም። ሳምኩ። ደበቅኩ። በባሌ አፍ ዋሸሁ። ምንም የማያውቅ ሰው አስቀጣሁ። ልጁን ዳግመኛ ሲጠሩት፣ ኒያንደርታልም ይሁን የእኛው ወገን፣ እባካችሁ እሱ ራሱ ይመልስ።

አሁን እደውላለሁ። እዚያ መሽቷል፣ ግን ያነሳል። ሲያነሳ መጀመሪያ የሚለው ስሜን ነው፤ «ሴብሌ?» ብሎ፣ ሁልጊዜ እንደ ጥያቄ።

አቤት፣ ጊዮርጊ። እኔ ነኝ።